ያገለገለ ዕቃና ምስክሩ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ከባሮ ወንዝ ዳርቻ የመጣ አንድ የዓሣ መውጊያ ጦር በአዲስ አበባ በአንድ የባህል ዕቃ መደብር ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል እንበል። ከአጠገቡ በቁመትም፣ በቅርጽም፣ በብረቱ ዓይነትም ከእርሱ የማይለይ ሌላ ጦር አለ። ባለመደብሩ ሲያስረዳ የመጀመሪያው አንድ የጋምቤላ ዓሣ አጥማጅ ለብዙ ዓመታት የሠራበት ነው፤ ሁለተኛው ግን ለገበያ የተሠራ ነው ይላል። ስለዚህም ለመጀመሪያው እጥፍ ድርብ ዋጋ ይጠይቅበታል። ገዥው ይህን ትርፍ ገንዘብ የሚከፍለው ለእንጨቱ ወይም ለብረቱ አይደለም፤ አስቀድሞ ተፈጽሞ ላለፈ፣ አሁን በዓይን ለማይታይ ድርጊት ነው። የዛሬው ንግግር መነሻም ይኸው ነው። አንድ ዕቃ በእርግጥ ያገለገለ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ይህ ጥያቄ በብዙ ገንዘብ የተፈተነው በአሜሪካ ነው። ቤዝቦል የሚባለው የዱላና የኳስ ጨዋታ በዚያ አገር እጅግ የተወደደ ሲሆን፣ የተጫዋቾች ሥዕል የታተመባቸውን ትናንሽ ካርዶች መሰብሰብ ከአንድ ምዕት ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አፐር ዴክ የተባለው የካርድ አሳታሚ ኩባንያ አዲስ ነገር አመጣ። ኬን ግሪፊ ጁኒየር፣ ቶኒ ግዊንና ሬይ ኦርዶኔዝ የተባሉ ተጫዋቾች የለበሱትን ማሊያ ቆራርጦ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህለውን ቁራጭ በካርዱ ውስጥ አስቀመጠ። ሰብሳቢዎች ተሻሙበት፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ተከተሉ።

ለመሐንዲስ አእምሮ ይህ ግራ የሚያጋባ ሥራ ነው። ማሊያው ሙሉ ሳለ ስፌቱን፣ የቁጥሩን አቀማመጥ፣ የተጠገነበትን ቦታ መርምሮ እውነቱን ማግኘት ይቻል ነበር። ከተቆራረጠ በኋላ ግን ገዥው በእጁ የሚቀረው ነጭ ጨርቅና የኩባንያው ቃል ብቻ ነው። ቃሉም ቢሆን እየሳሳ ሄደ። ቀድሞ በካርዱ ጀርባ «በጨዋታ ላይ የዋለ» ይባል የነበረው ውሎ አድሮ በብዙ ካርዶች ላይ «ተጫዋቹ የለበሰው» ወደሚል፣ ከዚያም ጨርቁ ከየትኛውም ተለይቶ ከሚታወቅ ጨዋታ ጋር እንደማይያያዝ ወደሚገልጽ ጽሑፍ ተለወጠ። ተጫዋቹ ፎቶግራፍ ለመነሣት ለጥቂት ደቂቃ ማሊያውን ደርቦ ቢያወልቀው፣ «የለበሰው» የሚለው ቃል ሐሰት አይሆንም። ሐሰት ያልሆነ ነገር ሁሉ ግን እውነትን አይናገርም። በግንባታ ቦታም ለላቦራቶሪ ተብሎ ልዩ ጥንቃቄ ተደርጎለት የተሞላ የኮንክሪት ናሙና እንዲሁ ነው። ናሙናው በእርግጥ ኮንክሪት ነው፤ ስለ ምሰሶው ግን የሚመሰክረው የለም።

መድኃኒቱ የተገኘው አስመሳዮች ገበያውን ካጥለቀለቁት በኋላ ነው። በ1990ዎቹ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሐሰተኛ የተጫዋቾች ፊርማ እያዘጋጁ የሚሸጡ ቡድኖችን ተከታትሎ ያዘ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮም ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ የራሱን የማረጋገጫ ሥርዓት ዘረጋ። በፖሊስነት ያገለገሉ ሰዎች በጨዋታው ሜዳ ተገኝተው፣ ኳሱ ወይም ዱላው ከጨዋታ እንደወጣ ወዲያውኑ ቁጥር ያለው የሆሎግራም ምልክት ይለጥፉበታል፤ ቁጥሩንም ከነድርጊቱ ይመዘግባሉ። ዓይናቸው ያላየውን አያረጋግጡም። የዚህ ሥርዓት ጥንካሬ በምልክቱ ረቂቅነት አይደለም፤ ምስክሩ ድርጊቱ በተፈጸመበት ሰዓት በቦታው መገኘቱ ነው።

ከዚያ በፊት ለነበሩት ዕቃዎች ምስክር የሆነው ፎቶግራፍ ነው። ቤብ ሩዝ እ.ኤ.አ. በ1932 በቺካጎ በተደረገው የዋንጫ ጨዋታ የለበሰው ማሊያ በ2005 ወደ 940 ሺህ ዶላር ተሽጦ ነበር። በኋላ በዘመኑ ከተነሡ ፎቶግራፎች ጋር እየተነጻጸረ፣ የፊደሎቹ አቀማመጥ ከቁልፎቹና ከስፌቱ ጋር ተመሳክሮ፣ የዚያች ቀን ማሊያ መሆኑ ተመሰከረለት፤ በነሐሴ 2024ም ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። የዋጋው ጭማሪ ሁሉ ከምርመራው የመጣ ነው ባይባልም፣ በመካከሉ በጨርቁ ላይ አንዲት ክር አልተጨመረችም።

እግር ኳስ ወዳዱ የአገራችን ሰው የማራዶናን ማሊያ ነገር ያስታውስ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1986 በሜክሲኮ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ጨዋታ መጨረሻ ላይ ማራዶና ማሊያውን ከእንግሊዛዊው ስቲቭ ሆጅ ጋር ተለዋወጠ። ማሊያው በ2022 ለጨረታ ሲቀርብ፣ ከማራዶና ቤተሰብ በኩል «ይህ የመጀመሪያው አጋማሽ ማሊያ ነው፤ ሁለቱ ግቦች የተቆጠሩበት አይደለም» የሚል ተቃውሞ ተነሣ። አጫራቹ ድርጅት በፎቶግራፍ ማመሳከሪያ የሁለተኛው አጋማሽ መሆኑን አሳይቶ በ7.1 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠው። ተጫዋቹ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ሜዳው አንድ ሆኖ ሳለ ክርክሩ ስለ አርባ አምስት ደቂቃ ነበር። በዚህ ረገድ ለነጋዴ አስቸጋሪው ጀግና የእኛው አበበ ቢቂላ ነው። በ1960 በሮም 11 ቁጥርን ለጥፎ በባዶ እግሩ ስለሮጠ፣ የሮምን ጫማ አለኝ የሚል ቢመጣ መርማሪ አያስፈልገውም።

ወደ ባሮ እንመለስ። ከሙያው የመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ላቦራቶሪን ነው። የካርቦን 14 ምርመራ ስለ አንድ በርጩማ የሚናገረው እንጨቱ በዛፉ ላይ ያደገበትን ዘመን ነው፤ በርጩማው የተጠረበበትን ቀን አይደለም፤ የተቀመጠበትን ሰውማ ጭራሽ። የኤክስሬይ ምርመራም የአንድን ዶቃ መስታወት ከምን ከምን እንደተቀመመ ይገልጻል፤ በማን አንገት እንደዋለ አይገልጽም። መሣሪያው ስለ ቁሱ ይመሰክራል፤ ስለ ድርጊቱ ግን ዝም ይላል።

በእርግጥ ድርጊትም በዕቃው ላይ ዱካ ይተዋል። በእውነት የተሠራበት የዓሣ መውጊያ ጦር ዘንጉ የሚለሰልሰው እጅ በሚይዘው ቦታ ነው፤ ጫፉ በተደጋጋሚ ከመሳል የተነሣ ያጥራል፤ ዝገቱ ውኃ በሚቋጥርበት በብረቱና በእንጨቱ መጋጠሚያ ይበረታል። በጢስና በቅባት እንዲያረጅ የተደረገ ጦር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ዓይነት ይጠቁራል፤ እጅ የማይደርስበት ቦታ ሳይቀር ያብረቀርቃል። ይህን የሚያውቅ መርማሪ ብዙ አስመሳይ ይለያል። ነገር ግን እርሱ የሚያውቀውን አስመሳዩም ሊማረው ይችላል። ደግሞም ዱካው ሰው እንደሠራበት እንጂ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሠራበት አይናገርም።

የባሮ ዳርቻ ሕዝቦች ይህን ችግር ከሙዚየምና ከጨረታ ቤት በፊት ያውቁት ነበር፤ መፍትሔም ነበራቸው። በአኙዋ ዘንድ ለጋብቻ የሚሰጠው ዲሙይ የተባለው የመስታወት ዶቃ ከሩቅ አገር የመጣ፣ እንደልብ የማይገኝ ዕቃ ነው። ለአንዲት እኅት ጋብቻ የገባው ዲሙይ ለወንድሟ ጋብቻ ይወጣል፤ እንዲህ እያለም ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ርክክቡ በዘመድና በሽማግሌ ፊት ስለሚፈጸም የዶቃው መንገድ በሰው አእምሮ ተመዝግቦ ይቆያል። የመኳንንቱ ሥርዓት ደግሞ ከዚህ የጠበቀ ነበር። ከወንዝ ወጣ ከሚባለው ከኡኪሮ ጋር በትውፊት የሚያያዙት የሹመት ዕቃዎች፣ በተለይም ኦቹዎክ የተባለው የዶቃ ሐብል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፉ ነበር። አንድ መኳንንት በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ በእነዚህ ዕቃዎች ካልተሾመ ልጆቹ የመኳንንትነት መብታቸውን ያጡ ነበር። ስለዚህ «ለብሶታል ወይስ አልለበሰውም?» የሚለው ጥያቄ በዚያ የሰብሳቢ ጨዋታ አልነበረም፤ የልጆች ዕጣ ነበር። ምስክሩም በአደባባይ የተሰበሰበው ሕዝብ ነው።

ዕቃው ከዚህ ሕዝብ መካከል ሲወጣ ምስክሩን ትቶ ይወጣል። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ካገኙ በኋላ፣ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በወንዙ ሙላት ወራት ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ከቡናው ጋር ስንት ጦርና በርጩማ በሰው ጓዝ ውስጥ እንደተጫነ የቆጠረ የለም። ከዚህ የሚለየው የኢቫንስ ፕሪቻርድ ሥራ ነው። ይህ እንግሊዛዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1935 በአኙዋ አገር ሲዘዋወር ዕቃም ሰበሰበ፣ ፎቶግራፍም አነሣ፤ ሁለቱም በኦክስፎርድ በፒት ሪቨርስ ሙዚየም ከነመዝገባቸው ይገኛሉ። ዕቃው ከአገሩ መራቁ የሚያስቆጭ ነው። ይሁን እንጂ መዝገቡ በመኖሩ የዛሬው የጋምቤላ ተማሪ የአያቶቹ ዕቃ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይችላል፤ ያለ ጽሑፍ ስለወጣው ግን ጥያቄም ማንሣት አይችልም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በር ላይ የቆመ ዘበኛ ዕቃው በመንደሩ ምን ሲሠራበት እንደነበረ ሊያውቅ አይችልም። ያ የሚታወቀው በመንደሩ ብቻ ነው። ደግሞም ነገሩ የጦርና የበርጩማ ብቻ አይደለም። ኡመድ ኡክሪና ጋቶች ፓኖም ከጋምቤላ ተነሥተው ለብሔራዊ ቡድን ተጫውተዋል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ውድድር የተለበሰ ማሊያ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ቢገኝ፣ ዛሬ የሚያስረዳ ሰው አለ፤ ቴሌቪዥን የቀረጸው ምስልም አለ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን በሱቅ ከተገዛው ማሊያ የሚለየው ምን ይሆናል?

ከወንዝ ዳር የተነቀለ የውኃ ከፍታ መለኪያ ሰሌዳ፣ የዜሮው ከፍታ ካልተጻፈ፣ ቁጥር የተቀባ ሳንቃ እንደሆነ ይህ ማኅበር ያውቃል። በጋምቤላ በመንገድ፣ በውኃና በሕንፃ ሥራ የተሰማሩ ባልደረቦች ካሜራም ቦታ መለኪያም በእጃቸው ነው። ዕቃ በስጦታ ሲቀበሉ ወይም ሲገዙ የሠራበትን ሰው ፈቃድ ጠይቀው ስሙን፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የዕቃውን አገልግሎት ይጻፉ፤ አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ቤተሰብ፣ አንድ ቅጂ ለክልሉ የባህል መሥሪያ ቤት ይተዉ። በፎቶግራፉ ላይ የእንጨቱ ዓይንና ስንጥቅ በግልጽ ይታይ፤ ከጎኑም ማስመሪያ ይቀመጥ። ፎቶግራፉ የሚነሣው ግን ጦሩ ከተገዛ በኋላ ሳይሆን ገና በአጥማጁ እጅ ሳለ፣ በወንዙ ዳር ነው።