የጥር 18 ነገር፦ ከደባርቅ ሰማንያ እስከ አሜሪካ ቪዛ
(በምሩቃን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ምን ትናገሪያለሽ?» ሲሉኝ ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት የምናገር መስሏቸው ነበር። «ስለ ቪዛ ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ዝምታው ይገባኛል። በዚህ ግቢ ስለ መሄድ የሚወራው በሹክሹክታ ነው። የሚሄደው እስከ መጨረሻው ቀን ለቅርብ ጓደኛው እንኳ አይናገርም፤ የሚቀረውም «ሄደች አሉ» ብሎ ከሌላ ሰው ይሰማል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ዛሬ ያንን ዕዳ ልከፍል ነው የቆምኩት።

ለማታውቁኝ፦ ወደዚህ ግቢ የገባሁት በ1990 ዓ.ም. ነው። ስንገባ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር፤ በ1996 ስንመረቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ትምህርት ቤታችን እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን አንድ ላይ አሰልጥኖ ወደ ገጠር ሊልክ ነበር። ያ ልማድ በእኛም ዘመን በቲም ትሬኒንግ ቀጥሎ እኔን ዳባት አደረሰኝ። ባለቤቴን ያወቅሁት እዚያ ነው። የአካባቢ ጤና ተማሪ ነበር። እሱ መጸዳጃ ቤት ያስቆፍራል፣ እኔ ሕፃናት እመዝናለሁ፤ ማታ ማታ በዳባት ብርድ አንድ ምድጃ ዙሪያ ሽሮ እንበላለን። እንግዲህ ፍቅራችን ከዚህ የዘለለ ታሪክ የለውም።

እሱ ዲቪ ደርሶት በ2002 ሄደ፤ ያኔ አልተጋባንም። በ2006 ለጥምቀት መጣና ጥር 18 ቀን ደባርቅ እናቴ ቤት ተጋባን። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰማንያ ተፈረመ። ይቺን ቀን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ስለ ሂደቱ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ከመካከላችሁ ነገ የሚጀምረው አይጠፋም። በመጀመሪያ አሜሪካ ያለው ባል ወይም ሚስት አይ 130 የሚባለውን ማመልከቻ ለአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት ያስገባል። ያ ሲጸድቅ ፋይሉ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይሄዳል። እዚያ ክፍያ ይከፈላል፣ ዲኤስ 260 የተባለው ፎርም ይሞላል፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ የፖሊስ የምስክር ወረቀትና የስፖንሰሩ የገቢ ማስረጃ ይገባል። ከዚያ የጤና ምርመራ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ኤምባሲ ቀርቦ ቃለ መጠይቅ። ሲወራ ቀላል ነው። እኛን ግን ከመጀመሪያው ማመልከቻ እስከ አውሮፕላን ሦስት ዓመት ተኩል ወስዶብናል፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው በራሳችን አለማወቅ የመጣ ነው።

የመጀመሪያው አለማወቃችን ይህ ነው። ባለቤቴ ሲያመለክት ግሪን ካርድ ያዥ እንጂ ዜጋ አልነበረም። የግሪን ካርድ ያዥ ሚስት ኤፍ 2 ኤ በሚባለው ወረፋ ትገባለች፤ በየዓመቱ የሚሰጠው ቪዛ ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ በየወሩ የቪዛ ቡለቲን እያዩ መጠበቅ ነው። የዜጋ ሚስት ግን የቁጥር ገደብ የለባትም። በ2007 ኅዳር ላይ ልጃችን ተወለደች። በ2008 ባለቤቴ ዜግነቱን አገኘ። ቤታችን ዳቦ ተቆረሰ፤ «በቃ፣ ወረፋው ቀረ!» ተባለ።

የማናውቀው ነገር ነበር። በኤፍ 2 ኤ ልጅ በእናቷ ፋይል ሥር አብራ ትሄዳለች። አባትየው ዜጋ ሲሆን የሚስት ፋይል ወደ ዜጋ ሚስት ይዛወራል፤ በዚያ ምድብ ግን ልጅ ከእናቷ ጋር አትጠቃለልም። ለእሷ ለብቻዋ ሌላ አይ 130 መግባት አለበት። ይህን ያወቅነው የእኔ ወረቀት ተሟልቶ የእሷ ስም ከፋይሉ ሲጠፋ ነው። ያኔ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። «አንቺ ቅደሚ፣ እሷ ከእናትሽ ጋር ትቆይ» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። አንድ ሌሊት ሙሉ አስቤበታለሁ፤ አልዋሻችሁም። ጠዋት ግን ለባለቤቴ ደውዬ «የሷን አስገባ፤ እኔ እጠብቃለሁ» አልኩት። እሷ በኋላ ስትገባ ምን ሆነ መሰላችሁ? ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ከዜጋ ወላጁ ጋር ሊኖር በኢሚግራንት ቪዛ የሚገባ ልጅ እግሩ አሜሪካ በረገጠ ቀን ዜጋ ይሆናል። እኔ ግሪን ካርድ ስጠብቅ እሷ ከአውሮፕላን ዜጋ ሆና ወረደች። እስከ ዛሬ ትኮራብኛለች።

ሁለተኛው የጤና ምርመራው ነው። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሐኪሞች ትስቁ ይሆናል። ምርመራው በተመደቡ ሐኪሞች ብቻ ነው የሚደረገው፤ ክትባት፣ ደም፣ ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ደግሞ የደረት ራጅ። ስንት ዓመት የቲቢ በሽተኛ ያየሁ ሰው ነኝ። ራጄ ላይ የላይኛው ሳንባዬ ጠባሳ ታየ። ምልክት የለኝም፣ አላስልም፤ ግን ሕጉ ሕግ ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ አክታ ሰጠሁ፤ ካልቸሩ እስኪወጣ ሁለት ወር ጠበቅሁ። በዚያ ሁለት ወር ስንቱን በሽተኛ «ውጤቱ ሲደርስ እንነግርዎታለን» ብዬ እንደ ቀላል ነገር እንዳሰናበትኩ አስታወስኩ። ውጤቱ ንጹሕ ሆነ። ካልቸሩ ቢያሳይ ኖሮ ሕክምናውን እየታየሁ ጨርሼ ነበር የምሄደው። ወጣቶች ሐኪሞች፣ ዋርድ ስትገቡ ጭምብላችሁን አድርጉ። ይህን የምለው ስለ ቪዛ ብዬ አይደለም።

አሁን ወደ ጥር 18 ልመለስ።

ቃለ መጠይቁ ቀን ተሰልፌ ገባሁ። መስኮቱ ጋ ያለው መኮንን ትሑት ሰው ነበር። ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠይቆኝ ወረቀቱን አገላበጠና «መቼ ነው የተጋባችሁት?» አለኝ። «እ.ኤ.አ. በ2014 ጃንዋሪ» አልኩ። እንደገና አየ። «እዚህ የሚለው ግን ጃንዋሪ 18፣ 2006 ነው» አለኝ።

ሰማንያው የሚለው «ጥር 18 ቀን 2006 ዓ.ም.» ነው። ተርጓሚው ጥርን ጃንዋሪ ብሎ፣ ቀኑንና ዓመቱን እንዳለ ገልብጦታል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 26፣ 2014 ነበር። ስምንት ዓመት ልዩነት! እናንተ «ታዲያ ምን አለበት፣ የቀን ስሕተት ነው» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ከባድ ነው። ባለቤቴ ዲቪ ሲሞላ «ያላገባ» ብሎ ነው የሞላው፤ እውነቱም ያ ነው። የትርጉሙ ቀን ግን ከዲቪው በፊት ሚስት ነበረችው ይላል። ሚስት ደብቆ ዲቪ የወሰደ ሰው ደግሞ ግሪን ካርዱም፣ በእሱ ላይ የቆመው ዜግነትም አደጋ ላይ ይወድቃል። በአንድ መስመር ትርጉም የእኔ ቪዛ ብቻ ሳይሆን የእሱም ኑሮ ተናጋ ማለት ነው።

መኮንኑ ማስረጃ እንዳመጣ የሚገልጽ ወረቀት ሰጠኝ። ከዚያ በር ስወጣ ጉልበቴ አልጸናም። ተርጓሚውን ልወቅስ ፈለግሁ፤ በኋላ ግን ራሴን ነው የወቀስኩት። የበሽተኛ ስም ሁለቴ ሳላነብ መርፌ የማላዝ ሰው፣ የገዛ ጋብቻዬን ትርጉም ሳላነብ ፈርሜ አስገብቻለሁ።

ጎንደር ተመልሼ በማግስቱ ደባርቅ ወጣሁ፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እናቴ ነገሩን ስነግራት ፎርሙ አልገባትም፤ ቀኑ ግን ገባት። «ምን ቀን ነው ይላሉ? በሰባር ጊዮርጊስ አይደለም እንዴ የዳርኩሽ? የኔታን ጠይቂያቸው!» አለችኝ። ሰማንያውን ከፈረሙት ሽማግሌዎች መካከል አንዱ አርፈዋል፤ የቀሩት መጥተው መሰከሩ። ከማዘጋጃ ቤት የጋብቻ ማስረጃ ወጣ። የሠርጉ ፎቶዎች፣ ባለቤቴ በዚያ ጥር ሲገባና ሲወጣ ፓስፖርቱ ላይ የተመታው ማኅተም፣ አዲስና በትክክል የተቀየረ ትርጉም፣ ሁሉም ተሰበሰበ። ከዚያ ጥበቃ። በየማለዳው ስልኬን ከማየቴ በፊት ዋርድ ገብቼ ራውንድ እጨርስ ነበር፤ ካየሁ በኋላ እጄ ለሥራ አይሆንም ብዬ። በመጨረሻ ተፈቀደ። በ2010 ጥቅምት ከልጄ ጋር ተሳፈርን።

ስለዚህ ወረቀት ለሚይዝ ሁሉ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ቀን ሁሉ ይቀየር፤ ከተቀየረ በኋላም ራሳችሁ ቁጠሩት። ሁለተኛ፣ ስም። እኛ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሴት ስታገባም ስሟን አትቀይርም። የአያቴ ስም በ«ጸ» ይጀምራል፤ ዲግሪዬ ላይ በቲ ኤስ፣ ፓስፖርቴ ላይ በቲ ብቻ ተጽፏል። ከመጀመሪያው እንደ ፓስፖርታችሁ አስተካክሉት። ሦስተኛ፣ ደላላ። «ኬዙን አፋጥናለሁ» የሚል ሁሉ ገንዘባችሁን ነው የሚያፋጥነው። ለወረቀት ብሎ መጋባት ደግሞ በአሜሪካ ሕግ እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ያመጣል፤ ከዚያ በኋላ በእውነተኛ ጋብቻ እንኳ መግባት ያስከለክላል።

ስፖንሰር ለምትሆኑም አንድ ቃል። አይ 864 ላይ ስትፈርሙ ገቢያችሁ ከድህነት መለኪያው ቢያንስ 125 በመቶ መድረስ አለበት። ፊርማው እንደ ሠርግ ጥሪ የሚጣል አይደለም፤ የመጣው ሰው ዜጋ እስኪሆን ወይም አሥር ዓመት ያህል የሥራ ዘመን እስኪቆጠርለት ይያያዛችኋል። ፍቺ እንኳ አያፈርሰውም። ጋብቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው የገባ ሰው ደግሞ የሁለት ዓመት ግሪን ካርድ ነው የሚያገኘው፤ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ 751 ካላስገባ ችግር ውስጥ ይገባል።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ቪዛው ሲመጣ ዋርዱን ለማን እንደምተው አላሰብኩም ነበር። ማለቴ አስቤ ነበር፤ ግን አልተናገርኩም። ለአለቃዬ የነገርኩት ልሄድ 12 ቀን ሲቀረኝ ነው። የተረኛ ሠንጠረዡ በእኔ ስም ተሞልቶ ነበር። ያንን ክፍተት የሸፈኑት ሁለት ሰዎች ዛሬ እዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። ይቅርታ አድርጉልኝ። ከቪዛው በፊት ዓመት ሙሉ ጠብቄያለሁ፤ በዚያ ዓመት አንድ ወጣት ሐኪም በእኔ ቦታ ማሰልጠን እችል ነበር። በሹክሹክታ ስለሄድኩ አልቻልኩም።

እዚያ ስደርስም ዶክተርነቴ አልተቀበለኝም። ሁለት ዓመት አረጋውያንን እያጠብኩና እየመገብኩ በሌሊት ለፈተና አነበብኩ። 14 ዓመት ሐኪም የነበረች ሴት እንደገና ሬዚደንት ሆነች። አላማርርም፤ ቤተሰቤ አንድ ጣሪያ ሥር ነው። ግን «አሜሪካ ሄደች፣ አለፈላት» የሚለውን ወሬ ለምትሰሙ ዋጋውን እወቁት።

ዜጋ ከሆንኩ በኋላ ለእናቴም ማመልከት እንደምችል ነገርኳት። ስልኩ ላይ ዝም አለች። «ልጄ፣ እኔ ብርዱን ለምጄዋለሁ። እዚያ ማን ያውቀኛል? አንቺ ነይ እንጂ» አለች። ስልክ በተቋረጠባቸው ወራት ያንን ዝምታዋን ነበር የምሰማው። አሁን በየዓመቱ እመጣለሁ፤ ሁለት ሳምንት ደባርቅ፣ ሁለት ሳምንት እዚህ ዋርድ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር። ብዙ አይደለም። ግን ራውንዱ ላይ በስሜ ይጠሩኛል።

መምህሮቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። የሚሄድ ልጅ ቢሮአችሁ መጥቶ «ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ» ቢላችሁ ፊት አትንሱት። ከነገራችሁ ተተኪ ያሰለጥናል፣ ሲመለስም በሩን ያውቀዋል። የምትሄዱም ንገሩ፤ በጊዜ ንገሩ።

በሉ እንግዲህ፣ እራት ደርሷል። ወረቀት የያዛችሁ ካላችሁ ከምግብ በኋላ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። ሰማንያችሁንና ትርጉሙን ይዛችሁ ኑ፤ ቀኑን አብረን እንቆጥራለን።