ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት
(በሰፈራችን ዕድሮች የጋራ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)



እንደምታውቁት በሰፈራችን ዕድር ሞልቷል። የላይኛው አለ፣ የታችኛው አለ፣ የሴቶቹ አለ። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ብዙም ሳይቆይ ድንኳን ይቆማል፣ አግዳሚ ወንበሩ ይደረደራል፣ ትልልቁ ብረት ድስት ይጣዳል። ማን ምን እንደሚሸከም ጠያቂ የለም፤ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። እንዲህ የተደራጀ ሥራ በስንቱ መሥሪያ ቤት ይገኛል? ታዲያ ይህ ሁሉ ዝግጅት የሚነሣው ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ መሆኑ ነው ዛሬ ያነጋገረን።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁላችንም ሰምተናል። መጀመሪያ የመሬት ናዳ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ጎረቤቱን ሊያወጣ በእጁም በአካፋም ሲቆፍር፣ ሁለተኛው ናዳ በአዳኞቹ ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ለእርዳታ የሮጡ ነበሩ፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎችም ነበሩባቸው። እነዚህን ሰዎች ማንም አይነቅፍም፤ እኛም ብንሆን እንሮጥ ነበር። ግን ደግነት ብቻውን አፈሩ መርጋቱን አይለይም። ያንን የሚለይ ባለሙያ ነው፤ ባለሙያውም ከሕዝቡ ጋር የሚገናኘው አስቀድሞ ትውውቅ ካለ ነው።

በከተማችን ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ አይተነዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪናዎቹ መጥተዋል፤ ሥራቸውን ያከበደው የመንገዱ ጥበትና የሱቆቹ መጠጋጋት ነው። ሙያውም መሣሪያውም አለ፤ መግቢያው ጠፋ። መግቢያውን መክፈት ደግሞ የሰፈር ሰው ሥራ ነው፣ የማንም አይደለም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። ሦስቱ ቅያሶቻችን ሌሊት በብረት በር ይቆለፋሉ። ቁልፉ በጥበቃው ኪስ ነው፤ ጥበቃው ከሌለስ? የየቤቱን ሰው የሚያውቀው ዕድሩ ነው፤ በየትኛው ጓዳ መነሣት የማይችል አዛውንት እንደተኛ፣ የትኛዋ እናት ልጆቿን ቆልፋ ገበያ እንደምትወጣ። ይህን እሳት አደጋም ቀይ መስቀልም ከየት ያውቁታል? እኛ ደግሞ የተቃጠለን ሰው እንዴት እንደሚያነሡ አናውቅም። መብራት ሳይቋረጥ የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ባልዲ ውኃ የሚደፋ ስንት አለ!

ስለዚህ ኮሚቴው ያቀረበው ይህ ነው። ዕድሮቹ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ጤና ጣቢያው፣ እሳት አደጋና ቀይ መስቀል አንድ ላይ ተቀምጠው ሥራ ይከፋፈሉ። ደብዳቤ መጻጻፉን አልጠላነውም፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ግን በመዝገባችን ሞልቷል፣ በሌሊት ተነሥቶ በር አይከፍትም። ከየመሥሪያ ቤቱ አንድ የታወቀ ሰው እንፈልጋለን፤ መልኩን የምናውቀው፣ እሱም የእኛን ቅያስ በእግሩ ሄዶ ያየው። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ያስተምርልን፤ እኛ ወጣቶቹንና አዳራሹን እናቀርባለን። የቅያሶቹ ቁልፍ ቅጂ ቅርብ ባለ ቤት ይቀመጥ።

አደራረሱንም እናስብበት። በእሳት ጊዜ 939፣ ለአምቡላንስ 907 ይደወላል፤ ይህን ልጆችም ይወቁት። ግን ደዋዩ "ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ" ቢል ማን ያገኘዋል? አንድ ሰው ሲደውል አንድ ወጣት ሮጦ አስፋልቱ ላይ ይቁም፤ መኪናውን ይዞ የሚገባ እሱ ይሁን።

በስብሰባው ክርክር አልጠፋም። አንዳንድ አባቶች "ጡሩምባ የሞት ነው፤ ለእሳት ከተነፋ ሰው ሁሉ ይደነግጣል" አሉ። እውነታቸውን ነው። የተስማማነው ለአደጋ ሦስት አጫጭር ድምፅ እንዲሆን ነው፤ ለለቅሶው የቆየው እንዳለ ይቀጥላል። የከበደው የገንዘቡ ጉዳይ ነበር። ደንባችን ለቀብር ብቻ ይላል፤ የለቅሶውን ገንዘብ መንካት የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ፣ መዋጮው ከድሃ ቤት ስለሚወጣ አንፈርድባቸውም። ሆኖም በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤት ሲያፈርስ በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ መርዳት፣ ወላጅ አልባ ማሳደግ ጀምረዋል። ዕድራቸውም አልፈረሰም። እኛም ለቃሬዛ፣ ለአካፋና ለባትሪ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ከመዋጮው ተለይቶ እንዲቀመጥ ለጠቅላላ ጉባኤ እናቀርባለን፤ ድምፁን የሚሰጡት አባላት ናቸው።

የመኝታ ሕመምተኞችና የአቅመ ደካሞች ዝርዝርም ይዘጋጃል። በሰሌዳ አይለጠፍም፤ የሰው ገመና ነው። በየቅያሱ በተመረጡት ሁለት ሰዎች እጅ ብቻ ይቆያል። ስሙ እንዲጻፍ ያልወደደ አይጻፍም።

የመጀመሪያው ልምምድ በመጪው ወር የመጀመሪያ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይደረጋል፤ የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ በቅያሶቻችን እንዲያልፍ ጠይቀናል። በላይኛው ቅያስ መግቢያ አሸዋና ብሎኬት ያከመራችሁ፣ እስከዚያ ቀን አንሡልን።

የዕድሮቹ የጋራ ኮሚቴ