የባል ዕዳ የሚስትን ቤት ይነካል?

ከባልና ከሚስት አንዳቸው የተበደሩት ገንዘብ የሌላውን የግል ንብረት መቼ ሊነካ ይችላል? መቼስ አይነካም? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው። መነሻዬ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጡ ስለሆነ በክልል ያላችሁ የክልላችሁን ሕግ ጠይቁ።

«ከተጋባን ወዲያ ዕዳውም የጋራችን ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይህን አምና፣ ከእናቷ የወረሰችውን ቤት ሳትከራከር ለአበዳሪ የምትለቅ ሴት ያሳዝነኛል፤ ሕጉ እንዲህ አላለምና። በአንቀጽ 70 መሠረት አንዱ ተጋቢ ለብቻው የገባበት ዕዳ በቅድሚያ የሚከፈለው ከራሱ የግል ንብረት ነው። የግል ንብረት ከሌለው ከጋራው ይከፈላል። የሌላኛው ተጋቢ የግል ንብረት አይነካም።

ዕዳው ለትዳሩ ጥቅም የዋለ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለባልና ሚስቱና ለልጆቻቸው መተዳደሪያ የወጣ ብድር የሁለቱም ዕዳ ይሆንና አበዳሪው ከጋራ ንብረቱም፣ ከማንኛቸውም የግል ንብረትም ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ላይ ዋናው ክርክር ማን ፈረመ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ የት ገባ የሚለውም ነው። ባል ተበድሮ ለወንድሙ ንግድ ከሰጠ አንድ ነገር ነው፤ የልጆች ትምህርት ቤት ከከፈለበት ሌላ ነው። ይህን የሚያሳየው ደረሰኝና የባንክ መግለጫ ነው።

የግል ንብረት የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም ከጋብቻ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ነው። ነገር ግን ሕጉ፣ ንብረቱ በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገምታል። «የእኔ ነው» የሚለው ወገን ነው የማስረዳት ሸክም ያለበት። አበዳሪው ንብረቱ የግል መሆኑን የማያውቅና ሊያውቅም የማይገባው ከነበረ ደግሞ በእሱ ላይ መቃወሚያ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን ቦታ ልንገራችሁ። እንበልና አንዲት እህት የወረሰችውን ቤት ሸጣ በገንዘቡ ሚኒባስ ገዛች። መኪናው የእሷ የግል ይመስላታል። አንቀጽ 58 ግን፣ በግል ገንዘብ የተገዛ ንብረት የግል የሚሆነው ፍርድ ቤት በተጋቢው ጥያቄ እንዲያ ብሎ ሲወስን ነው ይላል። ይህን አቤቱታ ሰላም በነበረበት ጊዜ የሚያቀርብ ሰው ብዙም አላየሁም፤ ባልን መጠርጠር ይመስላል እየተባለ ይታለፋል። እኔ መጠርጠር አልለውም። ባልና ሚስት ተስማምተው ቢያቀርቡት ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ሌላም አለ፦ ቤቱ የግል ቢሆንም ኪራዩ የጋራ ገቢ ነው።

ወደ ፊርማ ልምጣ። የጋራ ቤትን ለመሸጥም ሆነ በመያዣነት ለመስጠት፣ እንዲሁም ሕጉ ከወሰነው መጠን በላይ ለመበደርና ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያለ ስምምነቷ የተደረገ እንደሆነ ሚስት ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን ልትጠይቅ ትችላለች፤ ነገር ግን ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛም ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ለባልም እንዲሁ። «ለሥርዓቱ ያህል ነው፣ ፈርሚ» ሲሏችሁ ግን ወረቀቱን አንብቡ። ስምምነት መስጠትና ዋስ መሆን የተለያዩ ናቸው፤ ዋስ ሆና የፈረመች በራሷ ንብረት ትጠየቃለች።

ለመጋባት የምታስቡ በጽሑፍና በአራት ምስክሮች፣ ሁለቱ በባል ወገን ሁለቱ በሚስት ወገን፣ የጋብቻ ውል ማድረግ ትችላላችሁ። ያለውን የግል ንብረት በዝርዝር ጻፉበት። ከጋብቻ በኋላ በመካከላችሁ የምታደርጉት ውል ግን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም።

ፍቺ ዕዳን አይሰርዝም። በፍቺ ስምምነቱ ላይ «ዕዳውን እሱ ይክፈል» ብትሉም፣ ለትዳሩ የዋለ ዕዳ ከሆነ ስምምነታችሁ አበዳሪውን አያስገድደውም፤ እናንተን ከመጠየቅ አይከለከልም። ስለዚህ ንብረት ከመካፈላችሁ በፊት ማን ምን ያህል እንደሚጠይቅ አጣሩ።

ዕዳው የባልሽ ሆኖ የአንቺ ቤት በአፈጻጸም ከተከበረ ደግሞ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 418 መሠረት አፈጻጸሙን ለያዘው ፍርድ ቤት አቤቱታ ይቀርባል። የወራሽነት ማረጋገጫውን ወይም የስጦታውን ውል፣ ካርታውንና የጋብቻ ማስረጃውን አያይዢ። ሐራጁ ከመውጣቱ በፊት ድረሺ፤ ከተሸጠ በኋላ ክርክሩ ከገዢም ጋር ይሆናል።