በአበባ ላይ ያረፈው ሁሉ ተርብ ነውን?



ባለፈው መስከረም በትምህርት ቤታችን የአትክልት ቦታ፥ ከአደይ አበባ ላይ ያረፈውን ብጫና ጥቁር በራሪ «ተርብ ነው!» ብዬ በደብተሬ መትቼ ገደልሁት። አንሥቼ ብመረምረው ክንፉ ሁለት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ንብና ተርብ ግን አራት ክንፍ አላቸው፤ የኋለኛው ከፊተኛው ጋር ስለሚያያዝ ቀርቦ ላልተመለከተ ሁለት ይመስላል። እኔ የገደልሁት የማይናደፍ ዝንብ ኖሯል። ከነዚህ ዝንቦች የብዙዎቹ ትል ጎመናችንን የሚያጠፋውን ክሽክሽ ይበላል!

እንግዲህ ሳንመታ እንመልከት። ጠጕራም ሆና በኋላ እግሯ የአበባ ዱቄት የተሸከመችው ንብ ናት። ወገቧ ቀጥኖ ገላዋ የሚያብረቀርቀው ተርብ ናት፤ እርሷም ብትሆን ለልጆቿ ትል ታድናለች። አያቶቻችን ማሯን ለሳል የሚሰጡን ጣዝማ ደግሞ ትንሽ ናት፤ ቤቷን ከመሬት ውስጥ ትሠራለች፥ መናደፊያዋም ለመውጋት አይበቃም።