የመምህራን ማኅበርና የባላገር ልጅ ትምህርት

በሶደሬ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል



ሶደሬ በሩቅ አገር የሚታወቀው በፍል ውሃው ነው። ስፍራው ከአዳማ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር ስለ ሆነ፥ መንገደኛው መጥቶ ገላውን ታጥቦ፥ ሕመሙን አስታግሦ፥ በዛፉ ላይ የሚዘለውን ጦጣ አይቶ ወደ ከተማው ይመለሳል። በዙሪያው ያለው ባላገር ግን አገሩ ነውና በዚያው ይኖራል። ወንዱ ልጅ ከብት ሲጠብቅ፥ ሴቲቱም ልጅ ውሃ ስትቀዳ ይውሉና ከሥራ በተረፈው ሰዓት ተማሪ ቤት ይሄዳሉ። ዛሬ የሚነገረው ነገር ስለ እነዚህ ልጆች ነው። ይኸውም የባላገር ልጅ እስከ ስንተኛ ክፍል ሊማር ይገባዋል የሚለው ጥያቄ በ1966 ዓ.ም. እንዴት እንደ ተነሣ፥ የመምህራን ማኅበርም በነገሩ ገብቶ እንዴት እንደ ተሟገተ ነው።

ነገሩ እንዲገባ አስቀድሞ የመምህሩ እንጀራ ከወዴት ይመጣ እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። በቀድሞው ዘመን ፊደል የሚያስቈጥረው፥ ዳዊት የሚያስደግመው፥ ዜማና ቅኔ የሚያስተምረው የቤተ ክርስቲያን መምህር ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ሰው አልነበረም። የደብሩ መሬትና የምእመናኑ ስጦታ ያኖረው ነበር። ተማሪውም አኮፋዳውን አንግቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ ከውሻ ጋራ እየታገለ በየደጁ ለምኖ ይማር ነበር። በእስላሙም ወገን ቁርኣን የሚያስቀራው መምህር የሚኖረው በመንደሩ ሰው እጅ ነበር። በኦሮሞው አገር ደግሞ የገዳው ሥርዓትና ሕግ ከአባት ወደ ልጅ በቃል ይተላለፍ ነበር። በዚህ ሁሉ ያገሩ ሰው መምህሩን ራሱ ያውቀዋል፥ ራሱ ይመግበዋል፥ ባይወደውም ራሱ ይናገረዋል። ሥርዓቱ ሊቃውንትን አፍርቷል፤ ነገር ግን ለሁሉ አልደረሰም፤ ለሴት ልጅማ ከጥቂቶች በቀር ደጁ የተዘጋ ነበር።

የመንግሥት ተማሪ ቤት የተጀመረው በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ባቆሙት ትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ሚኒስቴር በ1922 ዓ.ም. ተቋቋመ። ወዲያው ግን ጠላት መጣና ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ተማሪ ቤቶች ተዘጉ፤ ከተማሩትም ወጣቶች ብዙዎቹ በግፍ ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ ሥራው እንደ ገና ከመሠረቱ ተጀመረ። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት ግብር የሚባል በመሬት ላይ ተጣለ። ባላገሩ ከሌላው ግብር ጋራ ይህንንም ከፈለ። ሽማግሌዎች ይህን ነገር ልብ እንዲሉት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ግብሩ በየገጠሩ ሲሰበሰብ ተማሪ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው በከተማ ነበር። ከፋዩ በደጁ ተማሪ ቤት ሳያይ ዓመታት አለፉ።

በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች ስለ ትምህርት በአዲስ አበባ ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ፥ ኢትዮጵያ በተማሪዋ ብዛት ከአፍሪካ አገሮች በመጨረሻው ተራ መሆኗ ታወቀ። ነገሩ ለብዙዎች ኀፍረት ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ፤ የሆነ ሆኖ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በመላው አገር የነበሩት አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች 1,300 ያህል፥ መምህራኑ 13,000 ያህል፥ ተማሪዎቹም 600,000 ያህል ብቻ ነበሩ። ከዐሥር ሰው ዘጠኙ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር።

የመምህራን ማኅበር የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። በጥቂት አስተማሪዎች ተጀምሮ በኋላ በየጠቅላይ ግዛቱ ቅርንጫፍ ያለው ያገር ማኅበር ሆነ። ነገር ግን ሕጉ እንደ ሌላው ሠራተኛ አላየውም። በ1956 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና የሠራተኛ ዓዋጅ፥ ቍጥሩ 210 የሆነው፥ ለፋብሪካና ለኩባንያ ሠራተኛ ማኅበር የማቆም መብት ሲሰጥ የመንግሥት ሠራተኛን አልጨመረም። ስለዚህ በአዳማ አጠገብ በወንጂ፥ በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የስኳር ፋብሪካ አገዳ የሚቈርጠው ሠራተኛ ከኩባንያው ጋራ ስለ ደመወዙ በሕግ ሊደራደር ሲችል፥ የሠራተኛውን ልጅ የሚያስተምረው የመንግሥት መምህር ግን ይህ መብት አልነበረውም። መምህሩ ማመልከት እንጂ መደራደር አይችልም ነበር። የተማረው ሰው ካልተማረው ያነሰ መብት ይዞ ነበር!

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በ1964 ዓ.ም. መንግሥት የዓለም ባንክ በገንዘብ እየረዳው፥ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሊቃውንት ሰብስቦ የአገሪቱን ትምህርት ከሥር እስከ ላይ አስመረመረ። ሕዝቡ ይህን ምርመራ በእንግሊዝኛ ስሙ «ሴክተር ሪቪው» ብሎ ጠራው። መርማሪዎቹ ያገኙት ነገር ሐሰት አልነበረም። ከፍተኛው ትምህርት ለጥቂቶች ብዙ ገንዘብ ይወስዳል፤ የሚማሩት አብዛኞቹ የከተማ ልጆች ናቸው፤ ትምህርቱም ከገበሬው ኑሮ ጋራ አይገናኝም፤ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶችም በየከተማው በዝተዋል አሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነበረ። መድኃኒቱም ይህ ይሁን አሉ፤ ለሕፃናት ሁሉ የ4 ዓመት ትምህርት በየገጠሩ ይዳረስ፤ ዕድሜው ላለፈው ወጣትና ለጐልማሳው ለኑሮው የሚረዳው ሌላ አጭር ትምህርት ይሰጠው፤ ከ4 ዓመት በላይ የሚያልፈው ግን ቍጥሩ የተወሰነ ይሁን፤ ገንዘቡም ከላይኛው ትምህርት ወደ ታችኛው ይዘንብል።

ሐሳቡ በወረቀት ሲታይ ለባላገሩ የተቈረቈረ ይመስላል። በአንዳንዱም ነገር በእርግጥ የተቈረቈረ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ተማሪ ቤት አይቶ የማያውቀው መንደር 4 ዓመት ቢያገኝ ከምንም ይሻለው ነበር። ነገር ግን ከገጠር ሆኖ የሚያይ ሰው ሌላ ነገር ያያል። 4 ዓመት ተምሮ ወደ እርሻው ይመለሳል የተባለው የማን ልጅ ነው? የሹሙ ልጅ አይደለም፤ የነጋዴውም ልጅ አይደለም፤ አባቱ ከፍሎ በግል ተማሪ ቤት ያስገባዋልና። በ4 ዓመት የሚቆመው የትምህርት ግብር ሲከፍል የኖረው የገበሬው ልጅ ነው።

በዚህ ላይ የቋንቋው ነገር አለ። በዚያን ጊዜ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የሚማሩት በአማርኛ ነበር፤ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝኛ። በአዋሽ ዳር፥ በአርሲና በሌላውም የኦሮሞ አገር የተወለደው ልጅ መምህሩ የሚናገረውን ቋንቋ በቤቱ ሰምቶት አያውቅም። የመጀመሪያውን ጊዜ የሚፈጀው ትምህርቱን ሳይሆን ቋንቋውን ለመልመድ ነው። ስለዚህ አራቱ ዓመት ለአንዱ ልጅ አራት ሲሆን ለሌላው ምናልባት ሁለት ነበር። እንግሊዝኛ ወደሚያስፈልግበት የመንግሥት ሥራማ በ4 ዓመት ትምህርት የሚደርስ ማንም አልነበረም። ልጁን አስተምሮ ከጭቃ አወጣዋለሁ ብሎ በሬውን የሸጠ አባት ይህን በሰማ ጊዜ ምን እንደሚል ሽማግሌዎች ያውቃሉ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ነገሩ በምስጢር መያዙ ነው። ጥናቱ በ1964 ዓ.ም. ሲያልቅ ለሕዝብ የተገለጠው እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ድረስ ቈይቶ ነው። በመካከሉ ወሬው ብቻ ዞረ። አንዱ ተማሪ ቤት ሊዘጋ ነው አለ፤ ሌላው የድኻ ልጅ እንዳይማር ተፈርዶበታል አለ፤ ሌላው ደግሞ የመምህሩ ደመወዝ ሊቀነስ ነው አለ። መንግሥት ወረቀቱን አስቀድሞ አውጥቶ፥ መምህሩንና ወላጁን ሰብስቦ ቢያነብላቸው ኖሮ ከክሱ እኩሌታው በተነሣ ነበር። ደግሞም መስከረም 25 ቀን 1959 ዓ.ም. በፓሪስ ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም የትምህርት ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ መምህራን ባወጡት የስምምነት ቃል፥ የትምህርት መመሪያ ሲወሰን የመምህራን ማኅበራት እንዲካፈሉበት ተመክሮ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ሥራውን በክፍል ውስጥ የሚፈጽሙት መምህራን ነገሩን ከወሬ ሰሙት።

ዘመኑም ክፉ ነበር። በወሎ በረኃብ ብዙ ሰው አልቋል፤ በየካቲት መጀመሪያ የቤንዚን ዋጋ በድንገት ጨመረ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሰኞ፥ የመምህራን ማኅበር አባሎቹን ሥራ አስቆመ። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም አቆሙ። ተማሪዎች አስቀድመው ተነሥተው ነበርና ተባበሩ፤ ወላጆችም ተቈጡ። የማኅበሩ ጥያቄ ሁለት ራስ ነበረው፤ አንደኛው ሴክተር ሪቪው እንዲቀር፥ ሁለተኛው የመምህሩ ደመወዝ እንዲሻሻል። መንግሥት በዚያው ወር ሴክተር ሪቪው በሥራ ላይ እንዳይውል አገደው፤ የቤንዚንንም ዋጋ ቀነሰ። የካቲት 20 የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሚኒስትሮች ከሥራቸው ለቀቁ፤ የካቲት 28 ደግሞ የሠራተኞች ማኅበራት በመላው አገር ሥራ አቆሙ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ይህን ሁሉ ያመጣው መምህሩ ብቻ ነው ማለት ሐሰት ነው፤ መምህሩ የለበትም ማለትም እንዲሁ።

አንዳንድ ሰዎች መምህሩ ያን ጊዜ የጮኸው ለደመወዙ እንጂ ለድኻው ልጅ አይደለም ይላሉ። በእውነትም ብዙዎቹ ስለ ደመወዛቸው ፈርተው ነበር፤ ተምሮ መሾም ለጥቂቶች የቀረ ክብር ሆኖ እንዲኖር የወደዱም አልጠፉም። ነገር ግን ሁለቱ ጥያቄዎች የሚለያዩ አይደሉም። ርካሽ መምህር የተሰጠው መንደር ርካሽ ትምህርት ይሰጠዋል። ደመወዙ የማያኖረው መምህር ከገጠር ወደ ከተማ፥ ከከተማም ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ የሚጐዳው ትቶት የሄደው ክፍል ነው። የቀድሞው መንደር ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበርና መሪጌታው እንዳይሄድበት እህል ይሰፍርለት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ለመናገር፥ በ1967 ዓ.ም. 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እስኪያስተምር ድረስ ሰፋ፤ ከዩኔስኮም ሽልማት አገኘ። ማኅበሩ ራሱ ግን በደርግ ዘመን ነጻነቱን አጣ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላም ለሁለት ተከፍሎ ለብዙ ዓመት በፍርድ ቤት ተካሰሰ፤ መሪዎቹ ታሰሩ፥ ከእነርሱም አቶ አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገደሉ። ሰውን ማንበብ የሚያስተምር ማኅበር በሦስቱም መንግሥታት ዘመን በጥርጣሬ መታየቱ የሚያሳዝን ነው።

ሕጉ ግን ተለውጧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና መመሪያ ሕፃናት አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ወሰነ። በዚህም መሠረት የሶደሬ ዙሪያ ልጅ በአፋን ኦሮሞ መማር ቻለ፤ ቀድሞ ቋንቋ ለመልመድ የሚባክነው ዓመት ለትምህርቱ ተረፈለት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ ያዝዛል። በአንቀጽ 42 ደግሞ የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸው፥ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ1956 ዓ.ም. ለመምህሩ የተነፈገው ይህ ነበር።

እንግዲህ በየመንደሩ ያለው የማኅበሩ አባልና የአገር ሽማግሌ ሊያደርጉት የሚገባው ነገር ብዙ ምርምር የሚያስፈልገው አይደለም። ተማሪ ቤቱ የወላጅና የመምህር ኅብረት አለው። ኅብረቱ በሚሰበሰብበት ቀን ለተማሪ ቤቱ የመጣው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ፥ በምን ላይ እንደ ዋለ ይጠየቅ። በመስከረም የተመዘገቡት ሴቶች ልጆች ስንት እንደ ነበሩና በሚያዝያ ስንቱ እንደ ቀሩ ይቈጠር፤ የቀረችውም ልጅ ስለ ውሃ ወይስ ስለ ጋብቻ እንደ ቀረች በስሟ ይታወቅ። መምህሩ ማደሪያ ቤት እንዳለው ይታይ፤ ከሌለው መንደሩ እንጨትና ጭቃውን ያዋጣ፥ ቆርቆሮውን ከወረዳው ይለምን። የተወሰነውም ነገር በቃለ ጉባኤ ተጽፎ፥ ማንበብ ለማይችለው ወላጅ በሚያውቀው ቋንቋ በዚያው በስብሰባው ይነበብ። አንባቢ ቢጠፋ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ይጠራ።