የቡና ግንድ ሲያረጅ

የዛሬው ወጋችን ከይርጋጨፌ ወረዳ፣ ከኢዲዶ የቡና ጓሮ ነው። ኢዲዶን ባሕር ማዶ ያለ ቡና ቆይም ያውቃታል፤ ስሟን ከረጢት ላይ አንብቧል። ዛፉን ግን አላየውም። እኛም ብንሆን ጠዋት ማታ በሥሩ እያለፍን ልብ የማንለው ነገር አለ፤ ቡና ዕድሜው በገፋ ቁጥር አካሉን ይለውጣል።

ጠባዩ የቡና ብቻ አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ እስያና በማዳጋስካር ማሰሮ መሳይ ወጥመድ እያበጀ ነፍሳት የሚበላ ተክል አለ። በልጅነቱ ማሰሮዎቹን መሬት ላይ አስቀምጦ በእግሩ ለሚሄደው ያደባል። ሲጎለምስ ሐረግ ሆኖ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚያወጣቸው ማሰሮዎች ቀጠን ይላሉ፣ የሚበረውንም ይይዛሉ።

ወደ ቡናችን እንመለስ። ችግኙ ከአፈር ብቅ ሲል ፍሬውን በአናቱ ተሸክሞ ነው። ገለፈቱ ሲወልቅ ሁለት ክብ ቅጠሎች ይዘረጋሉ፤ እንዲህ ያለ ክብ ቅጠል በዕድሜው ሁሉ ዳግመኛ አያወጣም። ከዚያ በኋላ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ የሚመጡት ሾል ያሉት ናቸው። ከስድስት እስከ አሥር ጥንድ እስኪያወጣ ወደ ላይ ብቻ ያድጋል፤ ቅርንጫፍ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። የቡና እንጨት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወደ ላይ የሚሄደው ግንድ፣ ሌላው ወደ ጎን ተዘርግቶ ፍሬ የሚይዘው ቅርንጫፍ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ከጎን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ብትተክሉ፣ ሥር ቢይዝ እንኳ ይንሰራፋል እንጂ ቀጥ ያለ ዛፍ አይወጣውም። ከግንዱ የተገነጠለ የጎን ቅርንጫፍም በዚያው ቦታ ምትክ የለውም። ለቃሚ ጎትቶ ሲሰብር ባለ ቡናው ቢቆጣ እውነቱን ነው።

ፍሬው በአብዛኛው የሚያዘው አምና በበቀለው እንጨት ላይ ነው። ዘንድሮ ያፈራው አንጓ ለከርሞ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ፍሬ በየዓመቱ ከግንዱ እየራቀ ወደ ጫፍ ይሸሻል። ያረጀ ቡና ታችው ራቁቱን ቀርቶ ፍሬው አናቱ ላይ የሚንጠለጠለው ለዚህ ነው። በቁመቱ ብቻ ግን አትፍረዱ፤ ኩሩሜ በተፈጥሮው ደቃቅ ቅጠል ያለው አጠር ያለ ቡና ነው፣ ወሊሾ ደግሞ ቅጠለ ሰፊና ረጅም። ግንዱንና ጫፉን እዩ።

መድኃኒቱ ጉንደላ ነው። ለቀማው አልቆ በልጉ ሳይገባ፣ ግንዱን ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ በመጋዝ መቁረጥ፤ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርጎ። በግንዱ ውስጥ ተኝተው የከረሙት እንቡጦች ይነቁና ያቆጠቁጣሉ። ከነሱ ሁለት ሦስት ብርቱ ብርቱውን ትቶ ሌላውን ማንሳት ነው። ሥሩ ያው አሮጌው ሥር ስለሆነ አዲሱ ግንድ ፈጥኖ ያድጋል።

ታዲያ ገበሬው ለምን ያመነታል? ሁለት ሦስት ዓመት ያለ ምርት መቆየት ስላለ። ባለሙያ መጥቶ «ቁረጥ» ማለቱ ቀላል ነው፤ የደብተርና የሕክምናው ገንዘብ ከየት ይምጣ? እውነት ነው፣ ይርጋጨፌ ያለችበት የጌዴኦ ጓሮ ከቡናው ጋር እንሰት አለው፣ ከላይ ብርብራና ዋንዛ ያጠሉበታል። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህን አኗኗር አይቶ ነው። እንሰት ግን ያበላል እንጂ የትምህርት ቤት ክፍያ አይከፍልም።

ስለዚህ ባለ ቡናዎች፣ ጓሮውን በአንድ ጊዜ አታራቁቱት። ዘንድሮ እጅግ ያረጀውን መስመር ብቻ ጎንድሉ፤ ሌላው እየለቀማችሁለት ይቆይ። የተቆረጠው ማፍራት ሲጀምር ወደሚቀጥለው እለፉ።