የጣሳው ውሃ
ለምእመናን ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች በቆሼ የተደረገ ንግግር



ስለ ሥራችን አንድ ነገር እንድንነግራችሁ ጠይቃችሁናል። እኛም ከተመካከርን በኋላ ስለ አንድ የውሃ ፓምፕ ልንነግራችሁ ወሰንን። የጉድጓድ ፓምፕ እንዳይመስላችሁ፤ የመኪና ነው።

መኪናዋን አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ዓ.ም. ይሠራ ከነበረው ከሦስተኛው ሲሪዝ የሆነች፣ ባለ 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር ላንድሮቨር ናት። በስጦታ ያገኘናት ከእናንተ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ባለቁበት ሰሞን ብርድ ልብስና ምግብ ስታመላልስ የነበረችው እርሷ ናት። እድሜዋን አይቶ ቅርስ የሚላት አለ፤ ለእኛ ግን እግራችን ናት።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደ ወጣ፣ መኪናዋ ባደረችበት ቦታ መሬቱ ረጥቦ ይታይ ጀመር። መጀመሪያ ያዩት የግቢያችን ዘበኛ ናቸው። አባባ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ፈልገው ከሞተሩ ሥር አኖሩና በማግሥቱ ጠሩን። «ልጆቼ፣ ይህን ያህል አንጠባጥባለች» አሉን። ጣሳው ሩብ ያህል ይዟል። እኛም አመሰገንናቸውና ራዲያተሩ ላይ ውሃ ጨምረን ሄድን። ከሳምንት በኋላ ጣሳው ተጋመሰ። አሁንም ውሃ ጨመርን። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነግሩን ጣሳው ሞልቶ ፈሷል። ያን ጊዜ ከእኛ አንዱ፣ «አባባ፣ አሮጌ መኪና አይደለች? ማንጠባጠቧ አይቀርም» ብሎ መለሰላቸው። እርሳቸውም ዝም አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ፓምፑ ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። ቮልስዋገን ያላችሁ ይህ ችግር አይነካችሁም፤ የአሮጌው ቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለ ሆነ የውሃ ፓምፕ የለውም። የላንድሮቨር ሞተር ግን የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው። ፓምፑ ከሞተሩ ፊት ተቀምጦ በቺንጊያ እየተሽከረከረ፣ የሞቀውን ውሃ ወደ ራዲያተር፣ የቀዘቀዘውን ወደ ሞተር ያዘዋውራል። ፋኑም የታሰረው በዚሁ ፓምፕ ዘንግ ላይ ነው። ዘንጉ የሚዞረው በኩሽኔታ ነው። ውሃው ወደ ኩሽኔታው እንዳያልፍ የሚከለክለው ደግሞ አንድ ትንሽ ሲል ነው። ሲሉ በጊዜ ብዛት ያልቃል።

የፓምፑ ሠሪዎች ይህን አስቀድመው አውቀዋል። ስለዚህም በፓምፑ ሆድ ሥር፣ በሲሉና በኩሽኔታው መካከል፣ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አበጅተዋል። ሲሉ ማለቅ ሲጀምር ውሃው በዚያች ቀዳዳ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ቀዳዳዋ የተበጀችው ሆን ተብሎ ነው። ኩሽኔታውን ከውሃ ታድናለች፤ ባለቤቱንም «ጊዜ ሳለ ፓምፑን ለውጥ» ትለዋለች።

እኛ ይህን አላወቅንም፤ ለማወቅም አልጠየቅንም። አንድ ወጣት ረዳታችን ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሲያይ ጊዜ ትንሽ እንጨት ጠርቦ ቀዳዳዋን ደፈናት። በማግሥቱ ጣሳው ደረቅ ሆኖ አገኘነውና ደስ አለን። ልጁንም አመሰገንነው። በዚያው ሰሞን ለእናንተ በላክነው የሦስት ወር ሪፖርት ላይ፣ «ተሽከርካሪው በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብለን ጻፍን። ይህን ቃል ዛሬ በፊታችሁ ስናስታውሰው እናፍራለን። ልጁ የፓምፑን ቀዳዳ በእንጨት ደፈነ፤ እኛ ደግሞ በወረቀት ደፈንነው።

መውጫ ያጣው ውሃ ወደ ኩሽኔታው ገባ። ግራሱን አጠበው፤ ብረቱንም አዛገው። ዘንጉ መወዛወዝ ጀመረ፤ እኛ ግን የሰማነው ትንሽ ሲርሲርታ ብቻ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ማለዳ ከቆሼ ሰፈር አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ተላከች። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ስለ ሄደ እኛ ተጠራን። እናቲቱንና እኅቷን አሳፍረን ወጣን። ወደ ጦር ኃይሎች ስንቃረብ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። በድንገት ከሞተሩ ከባድ ጩኸት ተሰማ፤ ቺንጊያው ወለቀ፤ እንፋሎቱም በኮፈኑ ሥር ይትጎለጎል ጀመር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከቆላው አገር ቀድሞ ይፈላል። ሾፌራችን የሙቀቱን መለኪያ እንዳየ ወዲያው ሞተሩን አጠፋ። መኪናዋም በመንገዱ መካከል ቆመች።

እናቲቱ ከኋላ ታቃስታለች። እኛ የምንሠራው ጠፋን። እኅቷ ግን ወርዳ በመኪኖቹ መካከል እየሮጠች አንድ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ አስቆመች። ሰውዬው አንድም ጥያቄ ሳያበዛ እናቲቱን ደግፎ አስገባና ይዟት ሄደ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ባለ ታክሲውን ፈልገን ልናመሰግነው ሄድን። መኪናው ከእኛይቱ የማይሻል አሮጌ ነው። ነገር ግን ኮፈኑን ከፍቶ ሲያሳየን ፓምፑ ደረቅ፣ ቺንጊያው የጠበቀ ነው። «ጋሼ፣ እንዴት አድርገህ ጠበቅኸው?» አልነው። እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ይቺ ከቆመች የቤቴ ምጣድ አይሰማም። ስለዚህ በየጠዋቱ ጎንበስ ብዬ ሥሯን አያለሁ። እናንተ ብትቆምባችሁ ሌላ ይላክልን ትላላችሁ።» ሰውዬው ሊያስቀይመን ብሎ አልተናገረም። ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሮአችን አልወጣም።

መኪናዋ ተጎትታ ወደ ጋራዥ ገባች። የሠሩልን አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው። አሠራራቸውን ሁላችንም ቆመን እንድናይ አዘዙን፤ ለሌላ ፕሮጀክት ሠራተኞችም ስለሚጠቅም በአጭሩ እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። የራዲያተር ክዳን በትኩሱ የከፈተ ሰው ፊቱን ይቃጠላል። ቀጥሎ ውሃውን በሳፋ ተቀበሉ። ኩላንት የተቀላቀለበት ውሃ ጣፋጭ መርዝ ስለ ሆነ፣ ሕፃናትና ውሾች በሚዘዋወሩበት ሰፈር መሬት ላይ አይደፋም። ፋኑንና ቺንጊያውን ካወጡ በኋላ የፓምፑን ቅርጽ በካርቶን ላይ ሣሉ፤ የፈቱትንም ብሎን ሁሉ በየቦታው ካርቶኑ ላይ ሰኩት። የብሎኖቹ ርዝመት የተለያየ ነውና ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ሌላ ጉዳት ያመጣል። ፓምፑ ሲወጣ ዘንጉን በእጃቸው ይዘው ወዘወዙት፤ እንደ ልቅ ጥርስ ተነቃነቀ። ያችን እንጨት ከቀዳዳዋ ነቅለው በመዳፋችን ላይ አኖሩልንና፣ «ይህ ነው የገደላት» አሉን።

ከመርካቶ ሶማሌ ተራ መጀመሪያ ያመጣነው ያገለገለ ፓምፕ ነበር። እርሳቸው ዘንጉን አዙረው ካዳመጡ በኋላ መልሱት አሉን። እኛም አዲሱን ገዛን። ከሞተሩ ፊት ላይ አሮጌውን ጋስኬት ብረቱን ሳይቧጭሩ በትዕግሥት ፋቁ፤ አዲሱን አኖሩ፤ ብሎኖቹንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ፊት ለፊት እያቀያየሩ ቀስ በቀስ አጠበቁ። ቺንጊያውን በአውራ ጣታቸው ተጭነው ልክነቱን አዩ። ውሃና ኩላንቱን ቀስ ብለው ሞሉና አየሩ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩን አስነሥተው ቆዩ። ሾፌራችን ሞተሩን ቶሎ ማጥፋቱ በጀን፤ ቴስታታው አልተጎዳም። ያ ቢቃጠል ኖሮ ወጪያችን ከአንድ ፓምፕ ዋጋ እጅግ በበለጠ ነበር።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህን ነው። አባባ ያን ጊዜ በጣሳ ለክተው ሦስት ጊዜ ነግረውን ነበር። እኛ ግን የተማርን ስለ ሆንን የዘበኛ ቃል ቀለለብን። ወደ ግቢው ስንመለስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፣ «እኔንስ ተዉኝ፤ ጣሳውን አትናቁ» አሉን።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ለውጠናል። አንደኛ፣ ጣሳው በየማታው ከመኪናዋ ሥር ይቀመጣል፤ ያየውን የሚጽፉበት ደብተርም በአባባ እጅ ነው። ማንበብ የማይሆንላቸውን የልጅ ልጃቸው ትጽፍላቸዋለች። ሁለተኛ፣ በየወሩ ለጥገና የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለብቻው እናስቀምጣለን። ሦስተኛ፣ በሪፖርታችን ላይ «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚለውን ቃል ትተን፣ የሚያንጠባጥበውን በስሙ እንጽፋለን።

ለእናንተም አንድ ልመና አለን። መኪና፣ ወፍጮ ወይም የስፌት መኪና ስትሰጡ ደስታችን ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ከዓመት በኋላ ኩሽኔታና ሲል መግዣ ብለን ስንጽፍላችሁ አትደነቁ፤ አትዘኑብንም። እኛ ጉድለታችንን የምንሰውረው ስጦታው እንዳይቀርብን ከመፍራት ነው። እናንተም ስትጎበኙን «ሥራው እንዴት ነው?» ብቻ አትበሉን፤ «ምን እያንጠባጠበ ነው?» ብላችሁ ጠይቁን። ያን ጊዜ እውነቱን ለመናገር ይቀለናል።

ያቺ ሕፃን አሁን መዳኽ ጀምራለች። መኪናዋም ውጭ ቆማለች፤ ስትወጡ ጎንበስ ብላችሁ እዩአት። ጣሳው ከሥሯ አለ።